ያልተቀየረው ቁጥር

የፕሮግራሞቹ ማከማቻ አዲሱን ፋይል አልቀበልም አለው። «በዚህ ስምና በዚህ ቁጥር ሌላ ፋይል አለ፤ ይዘታቸው ግን ይለያያል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች የሊኑክስ ፕሮግራሞችን የሚያዘጋጀው እሱ ብቻውን ነው። ድሮ ሁለት ነበሩ። አንዲት ፊደል እንኳ ከተነካች የፕሮግራሙ የእትም ቁጥር መጨመር አለበት የምትለው ትርሲት ነበረች። እሱ በረሳ ቁጥር «ዛሬም ቁጥሩን ትተኸዋል አይደል?» እያለች ትስቅበት ነበር። እሷ ረስታ አታውቅም።

አንዱ የሠራውን ሌላው በማግስቱ እንደገና ሠርቶና ወደ ማከማቻው አስገብቶ ማጣራት ነበረበት። እሱ ግን የትርሲት ሥራ ምን ማጣራት ያስፈልገዋል እያለ፣ ሳይከፍተው «አጣርቻለሁ» ብሎ ይፈርም ነበር።

ዛሬ የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም እንደገና ሲሠራው ነው ማከማቻው የከለከለው። የቆየው ፋይል የትርሲት ነው። «ለካ እሷም ትረሳለች» ብሎ ብቻውን ፈገግ አለና ሁለቱን ፋይሎች አነጻጸረ። የሚለያዩት በእሷ ፋይል ማስታወሻ መጨረሻ ላይ በተጻፉ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነበር።

«ቁጥሩን የተውኩት ረስቼ አይደለም። ነገ ስታጣራው እንዲያስቆምህ ብዬ ነው። ፊት ለፊት ልነግርህ አቃተኝ። አትሂጂ ካልከኝ የሐዋሳውን ሥራ እተወዋለሁ። እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ።»

ፋይሉ የገባበትን ቀን አየ። ማክሰኞ ነው፣ የዛሬ አራት ዓመት።

በዚያ ሳምንት ዓርብ የመሸኛዋን ኬክ የገዛው እሱ ነበር። «መልካም ጉዞ» ብሎም አስጽፎበታል።