ባትሪው ያለቀበት አምባር

የእንቅልፍ አምባር ከመጣ ወዲህ ልጅ እሹሩሩ ብሎ የሚያስተኛ የለም፤ ቁልፉን ጫን ማድረግ ብቻ ነው። የስድስት ዓመቷ ሐመልማልም ከተወለደች ጀምሮ የምትተኛው እንደዚያ ነበር። አንድ ምሽት ግን ባትሪው አለቀ። ባለሱቁም «ነገ ነው የሚመጣው» አለ።

አባቷ ይትባረክ ቢላት ቢሠራት አልተኛም አለች። ሲጨንቀው አጠገቧ ጋደም አለና እናቱ ትለው የነበረው ትዝ አለው።

«ተረት ተረት» ብሎ መልስ ጠበቀ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችው።

«‹የላም በረት› ነው የሚባለው።»

«ለምን?»

«እንጃ፤ እኛም ዝም ብለን ነበር የምንለው።»

ሽምብራ ስለሰረቀች ጦጣ ጀመረላት። ጦጣዋ ከማሳው ሳትወጣ ሐመልማል ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

«አባዬ፣ ዓይኔ እየከበደኝ ነው። አመመኝ መሰለኝ።»

ይትባረክ እቅፍ አደረጋት። «አላመመሽም የኔ እናት፤ እንቅልፍሽ መጥቶ ነው» አላትና እስክትተኛ ድረስ ግንባሯን ዳበሰላት።

በማግስቱ ማታ አዲሱን ባትሪ ከትቶ አምባሩን ይዞላት ገባ። ሐመልማል ሁለት እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀች። ገና አፉን ሳይከፍት፣

«የላም በረት!» አለችው።