የጉልበቱ ነገር

መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ ይዛ የግቢው በር ላይ ቆማ መጠበቅ ሰልችቷት ነበር። ባሏ አዲሷን መኪናውን ማሻሸቱን አልተወም። "አንተ ሰውዬ፣ ዝማሬው አልቆ ስብከት ሊጀመር ነው እኮ!" ብትለው፣ "መጣሁ በቃ፣ ጎማዋ ብቻ ቀረኝ" አላት። ጠዋቱን ሙሉ እንዲህ ሲል ነው ያረፈደው።

ይባስ ብሎ ጎማው ፊት ተንበረከከ። ደሟ ፈላ። ማታ ማታ ቤተሰቡ ለጸሎት ሲንበረከክ፣ "እኔን ጉልበቴን ያመኛል፤ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው" እያለ ሶፋው ላይ የሚደላደለው ይኸው ሰው ነው። አሁን ግን ሁለት ጉልበቱን መሬት ላይ ተክሎ፣ የጎማውን ብረት እፍ ብሎ በሸሚዙ እጅጌ በስሱ ይወለውል ጀመር።

"እንግዲያው ስትጨርስ አሜን በልና እንሂድ!" ብላ ጮኸችበት።

ቀና እንኳ ሳይል፣ እንደ ልማዱም ሳያዳምጥ፣ "አሜን" አላት።