የቱታው ላስቲክ

ይህን የቃል ፈተና ከወደቀ የስፖርት ሳይንስ ተማሪው ዓመቱን መድገሙ ነው።

«እሺ ጎበዝ፣ ታይቲን የሚባለው ግዙፍ ፕሮቲን ጡንቻህ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉት መምህሩ ለሦስተኛ ጊዜ።

ቃል ቢያጣ የቱታውን የወገብ ላስቲክ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ጧ አለ።

«ይኸው ቲቸር! ጡንቻ ሲለጠጥ እንዲህ አድርጎ ወደ ቦታው የሚመልሰው እሱ ነው።»

«ጉድ ነህ! እሱ ራሱ ቢበጠስስ?»

ልጁ በሙገሳው ልቡ አበጠና ላስቲኩን ክንዱ እስከቻለ ድረስ ሳበው። ተበጠሰ።

መምህሩ ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው ውጤቱን ጻፉ። ከዚያም ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉለት።

«ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰማሁም። አልፈሃል፤ በል ጨብጠኝ!»

ልጁ ግን የሚዘረጋው ትርፍ እጅ አልነበረውም።