ጆሮ የማይደፍነው

«ይሄ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የከተተኝ ነው የመሰለኝ» አለ መረዋ፣ የጎማ ጫፎቹን ከሁለቱም ጆሮው እየነቀለ። «ሌላ የለሽም?»

ፊውዝ አጎቱ መረዋ የጣለውን ማዳመጫ ከባንኮኒው መስታወት ላይ አንስቶ መልሶ ዘረጋለት። ሦስተኛው መሆኑ ነው። የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካቆመች ሦስተኛው በር ላይ የሚቀርባት ዓይነት ናት። ጀርባውን የጊታር ማንጠልጠያ ይወጋዋል፣ ፊት ለፊቱ ባለሱቋ፣ በጎኑ አጎቱ።

«ጋሼ፣ በደንብ አላስገባኸውም እኮ። ጠምዘዝ አድርገህ ግፋው። የመድረክ ማዳመጫ ጆሮ ካልደፈነ ምን ዋጋ አለው?»

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ጆሮዬን ለመድፈን ምን አስቸኮለህ?»

ባለሱቋ ሳቀች። ፊውዝም ሳቀ፤ ሸሚዙ ግን ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ማዳመጫው የግድ ዛሬ መገዛት አለበት። ማታ ማታ የሚሠሩበት አዳራሽ ባለቤት ጠረጴዛ ልጨምር ብሎ በዘፋኙ በአጎቱ እግር ሥር የነበሩትን ስፒከሮች ጠዋት አስነስቷቸዋል። «ዘፋኝህ በጆሮው ይስማ። ረከስ ያለ ነገር ፈልግለት» ብሎ ፊውዝን አሰናበተው። ከእንግዲህ አጎቱ የገዛ ድምፁንም ሆነ ኪቦርዱን መድረክ ላይ የሚሰማው ጆሮው ውስጥ በሚገባ ነገር ብቻ ነው።

ፊውዝን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት መረዋ ጉሮሮውን ታክሞ ሲወጣ፣ ያንን ስም ያወጣለት ድምፅ አብሮት አልወጣም። ሲያወራ ደህና ነው፤ ሲዘፍን ቆርቆሮ መሬት ለመሬት የሚጎተት ይመስላል። ባለአዳራሹ ፊውዝን ድምፅ የሚቆጣጠርበት ሚክሰር ጋ ጠርቶ አጭር ነገር ነገረው፦ «ወይ ታስተካክለዋለህ፣ ወይ ሁለታችሁንም እቀይራለሁ።»

ፊውዝ አስተካከለው። ዘፈን ሲጀመር የማይኩ ድምፅ ወደ አዳራሹ እንዳይሄድ ይዘጋና፣ የዛሬ አስር ዓመት የተቀዳውን የአጎቱን ድምፅ ከላፕቶፑ ይለቃል። የዛሬው ድምፅ የሚሄደው ወደ እግር ሥሩ ስፒከር ብቻ ነበር፤ እሱንም አጎቱ ሌላ ነገር እንዳይሰማ እስኪሰነጠቅ ያስጮኸዋል። «ኧረ ቀንሰው፣ ጆሮዬን በላኸው» ሲለው «ቀነስኩ ጋሼ» ይላል። አይቀንስም። መረዋም ሸሽቶ ወደ መድረኩ ጫፍ፣ ትልቁ የአዳራሽ ስፒከር ወዳለበት ይጠጋል። ለሕዝቡ መቅረብ ይወዳል።

ሕዝቡ ያጨበጭባል። አጎቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ፊውዝ ይሄን ባየ ቁጥር የሚገባበት ይጠፋዋል። ትምህርቱን ጥሎ ሲንከራተት ጆሮውን ይዞ ሚክሰር ፊት ያስቀመጠው ይሄ ሰው ነው። ከሕክምናው በወጣ ሰሞን ደግሞ «ድምፄ ከሌለ እኔም የለሁም፤ እወቀው» ብሎታል። ሲለው አልሳቀም።

ስለዚህ ዛሬ ፊውዝን የሚያድነው ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚደፍን ማዳመጫ ብቻ ነው። ከአዳራሹ ጥቂት ድምፅ ካስገባ፣ አጎቱ ቆሞ ያንን የድሮውን ሰው ሲዘፍን ይሰማዋል።

«እስቲ ይቺን ይሞክሯት» አለች ባለሱቋ፣ ከመሳቢያ አንዷን አውጥታ። «ዋጋዋም አይጎዳም። ደፍና ግን አትይዝም፣ የውጪውንም ታሰማለች። ሕዝቡን ካልሰማን የሚሉ ዘፋኞች እሷን ነው የሚወስዱት።»

መረዋ ሰካት። ውጪ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ አንገቱን አዙሮ ተከተለው። ፊቱ ፈካ።

«ይቺ ናት።»

«እሷማ ታፏጫለች» አለ ፊውዝ ቶሎ ብሎ። «ማይክ አጠገብ ስትደርስ…»

«ጆሮ ውስጥ ያለች ነገር የት አገር ነው የምታፏጨው?» አለች ባለሱቋ። «አንተ፣ ሳውንድማን ነኝ አላልክም?»

ፊውዝ ወደ አጎቱ ዞረ። «የዋጋውን ልዩነት እኔ እችላለሁ ጋሼ። የምትደፍነውን እንውሰድ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ኪስህ ለኔ የተፈታው? ባለፈው ሻይ ስትጋብዘኝ እንኳ እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።»

የፊውዝ ስልክ ነዘረ። ባለአዳራሹ ነው፦ «ገዛችሁ? ለዛሬ ወንበር አልቋል።» ወደ በሩ ዞረ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ መግቢያውን ሞልቶታል። ለመተንፈስ እንኳ ብቅ የሚልበት የለም።

«ለጆሮህ ብዬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በማይደፍን ማዳመጫ ኪቦርዱ አልሰማ ሲልህ ጨምር ትለኛለህ፣ ስጨምር ስጨምር ጆሮህ ይሞታል።» ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር።

«ከአንተ ስፒከር የተረፈ ጆሮ አይሞትም።»

«እንግዲያው ዛሬ አልሠራም።»

ፊውዝን አምልጦት ነው። ባለሱቋ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየችና፣ ማሸጊያውን ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። መረዋ ማዳመጫዋን ቀስ ብሎ ገመዷ ላይ ጠቀለላት። ፊውዝ ማታ መድረክ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው ከሚሰማው፣ እዚህ ከኔ ይስማው ብሎ ቆረጠ።

«ጋሼ… ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነገርኩህ ነገር አለ።»

መረዋ ወደ ጓዳው አየት አደረገና ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ያንን የድሮውን ድምፄን ካልሰማሁት ከንፈሬን ከምን ጋር ላስኬድ?» አለው። «ይልቅ ዛሬ ሁለተኛውን ዘፈን ቀድመህ አትልቀቅብኝ። ትናንት አፌን ሳልከፍት ዘፈንኩ።»