ወይዘሮ ወለተሰንበት መዶሻ ያነሱ ዕለት

ከዚህ ቀጥሎ ካለው አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ይቺን የቀረችኝን ዕድሜ አልጠግባት። ነገሩ የሆነው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ካሉት ሱቆች ባንዱ ውስጥ፣ በጠራራ ቅዳሜ ነው።

ወይዘሮ ወለተሰንበት እዚያው ሕንጻ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ በቃላቸው የቀረው መዝገብ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የገዛ ዘራቸው። ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው የአባታቸውን ወገን መቁጠር ከጀመሩ፣ ዘጠነኛው ደጃዝማች ላይ ሳይደርሱ ታክሲው ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሰውዬው ይሉኝታ ካለው የመልሱንም ከፍሎ ያዳምጣል። የእናታቸው ወገን አጭር ነው። "እነሱማ ምን ይቆጠራሉ፣ የታወቁ ናቸው" ብለው ያልፉታል።

ታዲያ አንዲት ልጃቸው ማሂ፣ ዳዊ የሚባል ልጅ ወደደች። ዳዊ ግራውንዱ ላይ ለጀማሪዎች የጌጣጌጥ ሥራ ያስተምራል። "ቀለበትዎን በእጅዎ" ይላል በሩ ላይ የለጠፈው ወረቀት። አባቱ አቶ ገብረጊዮርጊስ አብነት ሰፈር ውስጥ ሃምሳ ዓመት ብር ሲያቀልጡ የኖሩ አንጥረኛ ናቸው።

"ቀጥቃጭ" አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት።

"ዲዛይነር ነው፣ እማ" አለች ማሂ።

"በእንግሊዝኛ ስለጠራሽው እሳቱ ይበርዳል? የኛ አጥንት እዚያ ቤት አይገባም።"

ማሂ አላለቀሰችም። የባንክ ሠራተኛ ናትና ውል አቀረበች። እናቷ አንድ ቅዳሜ ስልጠናውን ይውሰዱ። ቀለበታቸውን ጨርሰው ሲነሱ አሁንም "ነውር ነው" ካሉ ዳዊን ትተዋለች፤ በልደታ ማርያም ማለች። "ነውር አይደለም" ካሉ ግን ሽማግሌ ይቀበላሉ።

"አንዲት ቃል ተናግሬ ለመመለስ ነው የምወርደው" አሉ ወይዘሮዋ። የትኛዋን ቃል እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ቅዳሜ ወረዱ። ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ አንድ ጠርሙስ ጠበልና እጃቸውን የሚጠርጉበት የራሳቸው ፎጣ ይዘው ነበር። ዳዊ ሽርጥ ሲያቀርብላቸው በሁለት ጣት ተቀበሉት። ጥግ ላይ ሞረድ የሚያጸዱት አቶ ገብረጊዮርጊስ ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ወይዘሮዋም አጸፋውን መለሱ፤ ለግድግዳው።

የቀሩት ሁለት ጀማሪዎች ሶሲና ኤፊ የማሂ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ሶሲ የብር ሽቦዋን እበይዳለሁ ብላ በነበልባሉ አቅልጣ ጠብታ አደረገችው። የኤፊ ቀለበት እየተቀጠቀጠ ሰፍቶ ሰፍቶ ለበሬ ቀንድ ልክ መጣ።

"ለማን ነው እሱ?" አለችው ሶሲ።

"ለሠርግሽ ለሚታረደው።"

ማሂ አልሳቀችም። እናቷን እያየች ጥፍሯን ትበላለች። እነዚያ እጆች ትንሽ እንኳ ቢቃጠሉ አለቀላት።

አልተቃጠሉም። ወይዘሮ ወለተሰንበት ሽቦውን ገመዱ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጠሙት፣ ነበልባሉን ከሩቅ አስጠግተው አሞቁና ልክ ብሩ ሊያልበው ሲል እሳቱን ነጠቁት። የተበየደበትን ቦታ በአጉሊ መነጽር አንድ ሳምንት ቢፈልጉት አይገኝም።

"እሳቱ መቼ እንደሚነሳ ማን ነገረዎት?" አለ ዳዊ።

"ሽታው ይናገር የለም እንዴ።"

ዳዊ እድሜውን ሙሉ ብር አጠገብ ኖሮ ሽታ አሽትቶ አያውቅም።

ከዚያ መዶሻ አነሱ። ሁለቴ ቀለበቱን፣ አንዴ ባዶውን መስፍ፣ ከሥር ያለውን መቀጥቀጫ ብረት። ሁለቴ ቀለበቱን፣ አንዴ ባዶውን። ጥግ ላይ የነበረው የሞረድ ድምፅ ቆመ።

"ያቺ ሦስተኛዋ ለምንድን ናት፣ እመቤቴ?" አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ።

"እጅ ታሳርፋለች። አያቴ ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጥ እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ሁለቴ ሽንኩርቱን፣ አንዴ የሙቀጫውን ከንፈር።"

"አያትዎ ማን ይባሉ ነበር?"

"እማማ ትርንጎ፣ የእናቴ እናት። በልጅነቷ ብቻዋን ከመንዝ የመጣች ናት። ስለ ወገኖቿ አንድም ቀን ተንፍሳ አታውቅም፤ ጨዋ ሰው አይኩራራም።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ወይዘሮዋ የዘራቸው ክብደት ሰውዬውን እንዳስደነገጣቸው ገባቸውና ትንሽ አዘኑላቸው።

ቀለበቱን ሞርደው፣ ወልውለው ወደ መስኮቱ አነሱት። እንዴት ያበራ ነበር መሰላችሁ፤ በላይ የሚያልፈው ባቡር ሹፌር ዓይኑ ተወግቶ ፍሬን ያዘ።

"አየሽ፣ ማሂ" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ የቀጥቃጭ ሥራ ቢሆን ኖሮ ለኔ እጅ በአንድ ቀን ባልታዘዘ። ድሮም የመኳንንት ሥራ ነበረ፤ ማን እንደወሰደባቸው እንጃ። ነውር አይደለም።"

ማሂ ዳዊ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሶሲ እልል አለች። ኤፊ የበሬ ቀንድ የሚያህል ቀለበቱን ራሱ ላይ ደፍቶ ጨፈረ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ድንኳኑ ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ አብነት ድረስ ተዘረጋ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ታክሲ ሁሉ በውስጡ እያለፈ ተሳፋሪ ሁሉ ጎርሶ ወረደ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ለቤተ ዘመዱ ዘራቸውን ቆጠሩ፤ አማቾቻቸውም በትዕግሥት ሰሙ።

እንግዲህ በዕድሜዬ ምያለሁና ልናዘዝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ሠርጉ።

ያን ቅዳሜ እልልታው ሳያልቅ አቶ ገብረጊዮርጊስ ከጥጋቸው ተነሱ፣ የልጃቸውን እጅ ከማሂ ትከሻ ላይ ቀስ አድርገው አነሱና፣ "ትርንጎ የጠፋችብን የአባቴ እኅት ናት፤ እናንተ ልጆች ሰባት ቤት አልሞላችሁም" አሉ።