ትንሿ ወንበር

ሐዋ ስልኩን ከባሏ ከእንድሪስ እጅ ነጠቀችና ልጃቸው ከዱባይ የላከችውን ፎቶ አየች። ሊጠይቋት ሲሄዱ ለሳምንት የሚያርፉበት የኪራይ ቤት ነው፤ ምድጃውም ድስቱም የተሟላ። ምግባችሁን እዚያው ራሳችሁ ታበስላላችሁ ብላለች። ነገሩ ለሐዋ አልዋጥ አላት። እንኳን ወላጅ፣ ቆቦ ላይ ለሚያልፍ መንገደኛ እንኳ ጓዳ ገብተህ አብስል አይባልም። ደግሞስ የራሷ ቤት እያለ የሰው ቤት መከራየት ምን የሚሉት ነው?

ቀጣዩ ፎቶ የኪራይ መኪናዋ ነበር። በሯ ተከፍቷል፤ ከኋላ ማሰሪያ ያላት ትንሽ የሕፃን ወንበር ተገጥማለች። ሐዋ በጣቶቿ አጉልታ አየቻት። የሚሳፈሩት እሷና ባሏ ብቻ ናቸው። የምትነዳው ያላገባችው ልጃቸው ናት፤ ዓመት ሙሉ በቪዲዮ ስትደውል ከአንገቷ በላይ ብቻ የምትታየው።

“ከኋላ ያለችው ምንድን ናት?” አለ እንድሪስ።

ሐዋ ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው። “የዕቃ ማስቀመጫ ናት። የዚያ አገር መኪና እንዲህ ነው።” ዓይኑን ሸሽታ ሻንጣውን ከፈተች። በርበሬውንና ሽሮውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ለአራስ እንደሚሰነቀው ያለ አንድ ከረጢት የገንፎ ዱቄት ከተተች።

“ይሄ ሁሉ ለማን ነው?”

“ራሳችን አይደለን የምናበስለው!” አለችው ቆጣ ብላ።

ፎቶውን ቀድሞ ያየው እንድሪስ ነበር። ጓዳ ገባና የቅቤውን ዕቃ ይዞ ወጣ።

“ያለ ቅቤ የምን ገንፎ አለ?” አላትና አቀበላት።