እኔን

ውድነሽ የሕፃናት ካርቱን ትገመግማለች። በየቤቱ ግድግዳ ስክሪን ላይ የምትታየው የካርቱኑ ጥንቸል በቤቱ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ሰው ሲወድቅ «እኔን» ላለ ልጅ ታጨበጭባለች።

«ልጅ ይህን የሚማረው ከእናቱ ነበር» ቢላት ባልደረባዋ ጌታሁን፣ «እናትማ ሥራ ላይ ናት» ብላ ዘጋችው፤ ካርቱኑም እንዲታይ አሳለፈችው።

ካርቱኑ መታየት በጀመረ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ የኮንዶሚኒየሟን ደረጃ ስትወጣ አዳልጧት ወደቀች። አስቤዛዋ ተበተነ፤ ቁርጭምጭሚቷን ወለም አላት።

«እኔን!» አሉ ልጆች፣ ከየበሩ ጀርባ፣ በአንድ ድምፅ። የልጇም ድምፅ ከመሃላቸው ተሰማ።

«ሶልያና፣ እኔ ነኝ የወደቅኩት። ነይ፣ በሩን ክፈቺልኝ» አለች ውድነሽ።

በየቤቱ ጥንቸሏ አጨበጨበች። ከዚያ የእጅ መታጠብ መዝሙር ጀመረች፤ ልጆቹም ተቀበሏት። ከሁሉም የሶልያና ድምፅ ጎልቶ ይሰማ ነበር። የተከፈተ በር ግን አልነበረም።